የመታጠቢያ ቤት ግድግዳና «ውስጡን ለቄስ»

ከደሴ ተነሥቶ በስተሰሜን ምዕራብ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኩታበር ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው። በክረምት ጠዋት ጉሙ ከሜዳው ተነሥቶ እስከ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ጋቢ ያልደረበ እንግዳም ወዲያውኑ ይታወቃል። እኛም በዚህች ከተማ አንድ ወዳጅ አለን። ወጣት ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ገና ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ ትተውለት ባለፉት ቤት ከእናቱ ጋር ይኖራል። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣነው ስለዚሁ ወዳጃችን የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «ስለ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» ይል ይሆናል። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ብንጠየቅ ይህንኑ እንል ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ግድግዳ ምክንያት የአንድ ወጣት የብዙ ወራት ቁጠባ ሲባክን፣ ከዚያም አልፎ በአንዲት አረጋዊት እናት ላይ ቤት ሊወድቅ ሲቃረብ ካየን በኋላ ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ተረዳን። የዛሬ ተማሪና አዲስ ሠራተኛ ነገ የራሱን ወይም የወላጆቹን ቤት ማደሱ አይቀርምና ያየነውን ብንነግረው ይጠቅመዋል ብለን አሰብን።

ያማረው ግድግዳ

ቤቱ በአገራችን ብዙው ቤት እንደሚሠራው የተሠራ ነው። የባሕር ዛፍ አጣና ቆሞ፣ በማገር ታስሮ፣ ጭድ ገብቶበት በቦካ ጭቃ ተመርጓል። ጣራው ቆርቆሮ ነው። ከኋላ በኩል ርዝመቷ 2 ሜትር፣ ወርዷ 1 ሜትር ተኩል የሆነች ክፍል አለች፤ መታጠቢያ ቤቱ እርሷ ናት። የወዳጃችን እናት በዕድሜ የገፉ ናቸው። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ ያደርጋሉ። ልጃቸውም የደጋው ብርድ እንዳይጎዳቸው ብሎ የውሃ ማሞቂያ አስገብቶላቸዋል። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ክፍል ከንጋት እስከ ምሽት ውሃና እንፋሎት አያጣትም።

ከጊዜ በኋላ የግድግዳው ቀለም መላላጥ፣ ከታች በኩልም መጥቆር ጀመረ። ሽታም መጣ። ወዳጃችን ደመወዙ ብዙ አይደለምና ዕቁብ ገባ። ዕቁቡ በወጣለት ሳምንት ወደ ደሴ ሄዶ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ያሉትን የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች ሲዞር ዋለ። በመጨረሻም ፒቪሲ የሚባለውን፣ እብነ በረድ መስሎ የተሠራውን የፕላስቲክ ፓኔል ገዝቶ ተመለሰ። ባለ ሱቁ «ይህ ዕቃ ውሃ አያስገባም» ብሎት ነበር፤ ነገሩም እውነት ነበር። አናጢው በጭቃው ግድግዳ ላይ ሞራሌ መታ፤ በሞራሌውም ላይ ፓኔሉን ደረደረ። ሥራው በሁለት ቀን አለቀ።

እኛ በዚያው ሰሞን ለጥየቃ ሄደን ነበርና ክፍሏን እንድናይ ተጋበዝን። ታበራለች። አንዳች እንከን አላየንባትም። «ግሩም ነው! እንዲህ ያለ ሥራ ደሴም አይገኝ» አልን። ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶችም ሰምተው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቱ ብቻ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና «ጥቁሩስ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። «ተሸፈነ፣ እማ» አላቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በመስከረም ተመልሰን ስንሄድ ፓኔሉ እንደ ዱሮው ያበራል፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። ነገር ግን ከታች በኩል ሆዱ ተነፍቷል። ክፍሏም የረጠበ ጉድጓድ ትሸታለች። አናጢው ተጠርቶ አንዱ ፓኔል ሲነቀል ከጀርባው የተገኘው ግድግዳ ሳይሆን ጭቃ ነበር። ደርቆ የኖረው ምርግ፣ ከመመረጉ በፊት ወደ ነበረበት ተመልሷል። ሁለት አጣናዎች ከሥራቸው በስብሰው በእጅ ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ። ሞራሌው በጀርባው ጥቁርና ነጭ ሻጋታ ለብሷል። አናጢው የበሰበሰውን አጣና በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና ወደ ላይ ቀና ብሎ «እስካሁን ጣራውን የያዘው ታዲያ ማን ነው?» አለ። ማንም አልሳቀም።

ላይ ላዩን አምሮ ውስጡ ለተበላሸ ነገር በአገራችን «ውስጡን ለቄስ» ይባላል። ወዳጃችን በኀዘን ይህንኑ አባባል ሲያነሣ እናቱ ቀበል አድርገው «እኛ ቤት ቄስ የለም፤ አንተ ውስጡን ለግንበኛ ንገረው» አሉት። እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ የዚህ የእናት ቃል ማብራሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውሃ በሦስት መንገድ ይመጣል

«ውሃ የማያስገባ» ዕቃ ከገዛን የእርጥበት ነገር አከተመ ብለን እናስባለን። ይህ ስሕተት ነው። ወደ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ውሃ የሚመጣው በአንድ መንገድ ሳይሆን በሦስት ነውና።

አንደኛው መንገድ ለሁሉም የሚታየው ነው፤ ከሻወር የሚረጨውና በግድግዳው ላይ የሚወርደው ውሃ ነው። ፓኔል የሚከላከለው ይህንን ነው። እርሱንም ቢሆን የሚከላከለው መጋጠሚያው፣ ማዕዘኑ፣ የቧንቧው ቀዳዳና ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በደንብ ከተደፈነ ብቻ ነው። በወዳጃችን ቤት የፓኔሉ የታችኛው ጠርዝ ያለ ምንም መድፈኛ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። እያንዳንዱ ውዱእ ጥቂት ውሃ ከሥሩ ያስገባ ነበር ማለት ነው። ጥቂት ውሃ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሁለት ዓመት ሲገባ ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ እንፋሎት ነው። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ሸክሙን ይጥላል። በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም የሚደርስ የውሃ እንፋሎት መያዝ ሲችል፣ በ10 ዲግሪ የሚይዘው ከ9 ግራም ብዙ አይበልጥም። የወዳጃችን ክፍል ከፍታዋ 2 ሜትር ተኩል ስለሆነ 7 ሜትር ኩብ ተኩል አየር ትይዛለች። ክፍሏ በሙቅ ውሃ እንፋሎት ከተሞላች በኋላ እስከ 10 ዲግሪ ብትቀዘቅዝ፣ አየሩ ከ150 ግራም በላይ ውሃ ይጥላል ማለት ነው፤ ይኸውም ሁለት ስኒ ያህል ነው። መስኮት ከሌለ ይህ ውሃ የሚያርፈው በክፍሏ ውስጥ ቀዝቃዛ ሆኖ ባገኘው ነገር ላይ ነው። ይልቁንም በቀጭን ፕላስቲክና በቀዝቃዛ ግድግዳ መካከል ክፍተት ካገኘ እዚያ ገብቶ ይተኛል።

አንዱ ፓኔል በአንዱ ከተማ አምሮበት በሌላው የሚበላሸው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል፤ አየሩም ሞቅ ይላል። እዚያ የቤቱ ግድግዳ በሌሊት እንደ ኩታበር አይቀዘቅዝምና እንፋሎቱ ጤዛ ሆኖ የመቅረት ዕድሉ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ኮምቦልቻ ያለው ዘመዴ ይህንኑ ለጥፎ ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ ለደገኛ ብዙ አይረዳም።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ከጀርባ ይመጣል። ከመሠረቱ ሥር ከረጠበ መሬት ወደ ላይ የሚሳብ፣ ከቀዳዳ ቆርቆሮ የሚወርድ፣ ከጣራ አፍ ተንጠባጥቦ ግድግዳውን የሚመታ ወይም በግድግዳው ውስጥ ከሚያልፍ ቧንቧ የሚያፈስስ ውሃ ነው። ይህንን ውሃ ከፊት የተለጠፈ ፓኔል አያቆመውም። እንዲያውም መውጫውን ይዘጋበታል።

ጭቃ ቤት ምን በደለ?

ይህን ስንል ጭቃ ቤትን ለመንቀፍ አይደለም። የጭቃ ግድግዳ የራሱ ጠባይ አለው። ጥቂት እርጥበት ሲመጣበት ይጠጣል፤ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ይተፋል። አባቶቻችን የሠሩት ጭቃ ቤት ብዙ ዘመን የኖረው ውሃ ስለማይነካው ሳይሆን፣ የነካው ውሃ መውጫ ስለነበረው ነው። ከውጭ በሲሚንቶ ሲለሰን፣ ከውስጥ ደግሞ በፕላስቲክ ሲሸፈን ግን በሁለቱም በኩል አፉ ይታፈናል። የገባው ይቀራል፤ የቀረው ጭቃውን ያላላል፤ እንጨቱንም ያበሰብሳል።

ነገሩ የቤት ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብና ሻጋታ ያለበት ቤት ውስጥ መኖር ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ጋር የተያያዘ መሆኑን አስታውቋል። የወዳጃችን እናት በዚያ ክረምት ሳል አልተዋቸውም ነበር። ሳሉን ያመጣው ሻጋታው ነው ለማለት ሐኪሞች አይደለንም፤ ነገር ግን ሻጋታ የሚተነፍስ ሰው ይሻለዋል የሚል ሐኪም ያለ አይመስለንም።

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ

እንግዲህ በገበያ ላይ ያሉትን የግድግዳ መሸፈኛዎች አንድ በአንድ እንመልከት። ሁሉም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው፤ ጥፋቱ የሚመጣው አንዱን በሌላው ቦታ ስናስገባ ነው።

ቺፑድ፣ ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ ከእንጨት የሚሠሩ ናቸው። ፊታቸው በላስቲክ መሰል ነገር ተሸፍኖ ሲያንጸባርቅ ውሃ የማይነካቸው ይመስላል። ሆኖም ተቆርጠው ጠርዛቸው በተገለጠበት ቦታ ውሃ ይጠጣሉ። በተለይ ቺፑድና ኤምዲኤፍ አንዴ ጠጥተው ካበጡ ቢደርቁም ወደ ቀድሞ መልካቸው አይመለሱም። ለመኝታ ቤት ቁም ሣጥን እንጂ ለሻወር ግድግዳ አይሆኑም።

ጀሶ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ግድግዳን ለማለስለስ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ጀሶ በውሃ የሚሟሟ ማዕድን ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል ያሟሟል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን የሻወር ውሃ አንድ ሊትር ብቻ አይደለም። ከዚሁ ማዕድን የሚሠራው ጂፕሰም ቦርድ ፊቱ ወረቀት ስለሆነ ሻጋታ ይወደዋል። እርጥበትን እንዲቋቋም ሆኖ የሚሠራና ብዙውን ጊዜ በአረንጓዴ ቀለሙ የሚለይ ዓይነትም አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ «እርጥበትን የሚቋቋም» ማለት «ውሃ የማይጎዳው» ማለት አይደለም። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ እንኳ ይህ ቦርድ በቀጥታ ውሃ በሚያገኘው ቦታ እንዳይገባ ይከለክላል። ከሻወሩ ራቅ ላለው ግድግዳና ለኮርኒስ ግን መልካም ነው።

ወዳጃችን የገዛው ፒቪሲ ከሁሉ ይልቅ ውሃን የሚቋቋም ነው፤ አይበሰብስም፣ አያብጥም፣ ለማጽዳትም ይቀላል። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው በ80 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት መለስለሱና ቢቃጠል የሚያፍን መርዘኛ ጢስ መስጠቱ ነው፤ ስለዚህ ከከሰል ምድጃና ከማሞቂያ ይራቅ። ሁለተኛው ጉድለት ግን የዕቃው ሳይሆን የእኛ ነው፤ ፓኔሉ ራሱ ስለማይበሰብስ ከጀርባው የሚበሰብሰውን አያሳየንም። በደረቅና በጠንካራ ግድግዳ ላይ ጠርዙ በሲሊኮን ተደፍኖ ቢለጠፍ ለብዙ ዘመን ያገለግላል። በታመመ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ቁስል ሳይታጠብ እንደታሰረ ጨርቅ ነው።

ሴራሚክ ብዙ ሰው የሚያምነው ነው። በአገራችንም ይመረታል፤ የሐዋሳው ታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ ለዚህ የታወቀ ነው። ፊቱ ላይ ያለው መስታወት መሰል ቅብ ውሃ አያስገባም። ይሁን እንጂ ከቅቡ በስተጀርባ ያለው ሸክላ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ተራው የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ ከመቶ 10 እጅ በላይ ውሃ ሊጠጣ ሲችል፣ ፖርሰሊን የሚባለው ግን ከመቶ ግማሽ እጅ አይበልጥም። ከሁሉ በላይ ግን በሴራሚኮቹ መካከል የሚገባው ሙሌት ውሃ ያሳልፋል። ስለዚህ ውሃውን በእውነት የሚያቆመው ሴራሚኩ ሳይሆን ከመለጠፉ በፊት ልስኑ ላይ የሚቀባው የውሃ መከላከያ ነው። ይህን ቅብ ማንም አያየውምና ገንዘብ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው። ደግሞም አንድ ካሬ ሜትር ሴራሚክ ከነማጣበቂያው 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ሸክም ብሎኬት ይችለዋል፤ የጭቃ ምርግ ግን አይችለውም።

ከሲሚንቶና ከክር የሚሠራው የሲሚንቶ ቦርድም አለ። ውሃ ቢጠጣም አይሟሟም፣ አይበሰብስም፤ ስለዚህ ከሴራሚክ በታች ለመግባት ጥሩ ነው። የዚህ ዕቃ ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያ አለው። ሉድቪግ ሃቼክ የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሚንቶን ከአስቤስቶስ ክር ጋር አዋሕዶ ስስ ሰሌዳ የመሥራትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበና «ኤተርኒት» አለው፤ ዘላለማዊ ለማለት ነው። ሰሌዳው በእርግጥ ዘላቂ ነበር። ሆኖም የአስቤስቶስ ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ ከጊዜ በኋላ ተረጋገጠ፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2005 ጨርሶ ከለከለው። ዛሬ በአስቤስቶስ ፋንታ የእንጨት ክር ይገባበታል። አዲስ ሲገዙ ከአስቤስቶስ ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ፣ በአሮጌ ቤት ውስጥ የቆየ ሰሌዳ ካለ ደግሞ በመጋዝ ከመቁረጥና ከመሰባበር መጠንቀቅ ይገባል።

በመጨረሻም ምንም ፓኔል የሌለበት፣ በመልካም ልስን ብቻ የሚሠራ ግድግዳ አለ። ይህን መንገድ የሚንቅ ሰው ጎንደርን ያስብ። በፋሲል ግቢ ውስጥ ከነገሥታቱ አዳራሾች ጋር የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ይታያል፤ ያ ሁሉ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። በሞሮኮ ማራኬሽ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ታደላክት የሚባል የመታጠቢያ ቤት ልስን አለ። ኖራው በጠፍጣፋ ድንጋይ ተጨፍጭፎ ከለሰለሰ በኋላ ከወይራ ዘይት የተሠራ ሳሙና ይቀባል። ሳሙናው ከኖራው ጋር ተዋሕዶ በውሃ የማይሟሟ ነገር ይሆናል፤ ግድግዳውም ይወለውላል። ሥራው ትዕግሥትና የለመደ እጅ ይጠይቃል። የሚያስተምረን ግን ይህ ነው፤ ውሃን የሚያሸንፈው የዕቃው አዲስነት ሳይሆን ዕቃው ከግድግዳው ጠባይ ጋር መስማማቱ ነው።

በአንድ ቁራጭ ላስቲክ የሚደረግ ፈተና

«ታዲያ ውሃው በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ በምን እናውቃለን?» ቢባል ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። በአራቱም ማዕዘን 50 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ይወሰዳል። ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ ጠርዙ በአራቱም በኩል አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ይለጠፋል፤ በጭቃ ላይ ፕላስተር አልይዝ ካለ በቀጭን እንጨትና በምስማር ይመታል። ከዚያ ክፍሉ እንደ ወትሮው እየተሠራበት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። ጠብታው የሚታየው በላስቲኩ የፊት ገጽ ላይ ከሆነ ውሃው የመጣው ከክፍሉ አየር ነው፤ መድኃኒቱም መስኮት ነው። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከታየ ግን ውሃው ያለው በግድግዳው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ግድግዳ ምንጩ ተፈልጎ ሳይደርቅ በምንም ነገር መሸፈን የለበትም። በበጋ ደረቅ የመሰለ ግድግዳ በክረምት ሊረጥብ ስለሚችል ፈተናውን በዝናብ ወራት መድገም ይበጃል።

ይህን ፈተና የሞከርነው በማን ቤት መሰላችሁ? እኛ «ግሩም ነው» ባልን ጊዜ ራሳቸውን ከነቀነቁት ጎረቤቶች መካከል ሁለቱ፣ የእኛን ምስጋና አምነው ያንኑ ፓኔል ገዝተው ኖሯል። ደግነቱ ገና አልለጠፉትም ነበር። ሄደን ስሕተታችንን ነገርናቸውና ላስቲኩን ለጠፍን። በአንደኛው ቤት ጠብታው ከፊት ታየ። እርሱም ከጣራው ሥር መስኮት ከፍቶ፣ ግድግዳውን አድርቆ፣ ፓኔሉን ጠርዙን ደፍኖ ቢለጥፍ የሚያሰጋው ነገር የለም። በሁለተኛው ቤት ግን በማግሥቱ ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ተደርድሮ አገኘነው። ወደ ላይ ሲታይ የቆርቆሮው ምስማር ቦታ ሰፍቶ ኖሮ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ይወርዳል። በፓኔል ቢሸፈን ኖሮ መጨረሻው ምን እንደሚሆን አስቀድመን አይተናል። ባለቤቱ አስተያየት ሳይሰጥ መሰላል ፍለጋ ሄደ።

ወዳጃችን ምን አደረገ?

በመጀመሪያ ትዕግሥት አደረገ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሁለተኛ እንዳይለቅም ፈራ። ፓኔሉን ሁሉ ነቅሎ ክፍሏን ከመስከረም እስከ ኅዳር አጋማሽ ክፍት ተዋት። እናቱ በእነዚያ ወራት በብርድ ደጅ ወጥተው በማንቆርቆሪያ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ልጃቸው ይህን ባየ ቁጥር አንገቱን ይደፋ ነበር፤ እርሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አላማረሩም።

ከዚያም ግንበኛ አመጣ። ግንበኛውም ስለ ፓኔል ሳይነጋገር በቤቱ ዙሪያ ዞሮ የጣራውን አፍ፣ የውሃውን መውረጃና የመሬቱን ተዳፋት አየ። ሥራው በዚያው ቅደም ተከተል ሄደ። ጣራው አፉ እንዲረዝም ተደረገ፤ ከግድግዳው ውጭ ውሃውን የሚያርቅ ቦይ ተቆፈረ። ጣራው በድጋፍ ተይዞ የበሰበሱት አጣናዎች ተለወጡ። በሻወሩ በኩል ያለው ምርግ ወርዶ በድንጋይ መሠረት ላይ ብሎኬት ቆመ። ወለሉ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ማስወገጃው እንዲያዘቀዝቅ ሆነ። በእርጥብ ግድግዳ ውስጥ ያልፍ የነበረው የማሞቂያው የኤሌክትሪክ ሽቦም በባለሙያ ተነሥቶ በደረቅ መስመር ተዘረጋ፤ ይህ ነገር ከግድግዳው ይልቅ ነፍስ የሚያሳጣ ነበርና አንባቢም እንዳይዘነጋው አደራ እንላለን።

ሴራሚክ የተለጠፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱም በሁሉም ግድግዳ ላይ አልነበረም። ውሃ የሚረጨው በሻወሩ በኩል ባለው አጭር ግድግዳና ከእርሱ ግራና ቀኝ በሚገኘው አንድ አንድ ሜትር ላይ ብቻ ነው። ይህ በ2 ሜትር ከፍታ 7 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከክፍሏ ግድግዳ ግማሽ አይሞላም። በአልተገዛው ሴራሚክ ገንዘብ ሁለት ጊዜ የተቀባው የውሃ መከላከያና ከጣራ ሥር የተከፈተችው መስኮት ተሸፈኑ። የቀረው ግድግዳ በጭቃ ተመርጎ በኖራ ተቀባ፤ እንደ ጠባዩም ይተነፍሳል። ያልተበላሹትም ፓኔሎች አልተጣሉም፤ ውሃ የማይረጭበት ኮርኒስ ሆኑ። ሥራው ሁሉ ያለቀው የበልግ ዝናብ በየካቲት ሳይገባ ነው።

ለወጣት አንባቢዎቻችን

እንግዲህ ገንዘብ ይዞ ወደ ሱቅ የሚሄድ ወጣት ባለ ሱቁን «ይህ ዕቃ ውሃ ያስገባል ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅ። «የሚለጠፈው በምን ዓይነት ግድግዳ ላይ ነው? ጠርዙስ በምን ይደፈናል? ፊቱ ብቻ ነው ወይስ ውስጡም ውሃ ይቋቋማል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ካላረካው ቁራጭ ለምኖ ውፍረቱን ይለካና አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያሳድረው፤ ጠዋት እንደገና ይለካው። ያበጠ ዕቃ ከማንም ሻጭ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ሴራሚክ ካስለጠፈም ሠራተኛውን ከማሰናበቱ በፊት በሳንቲም ያንኳኳው፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከጀርባው በደንብ አልተያዘም።

ከሁሉ በፊት ግን ግድግዳውን ይጠይቅ። ደመወዛችን ትንሽ በሆነ መጠን ገንዘባችን የሚታየው ነገር ላይ እንዲውል እንወዳለን፤ እንግዳ የሚያመሰግነን በሚያየው ነውና። የውሃ መከላከያ፣ ቦይና የጣራ አፍ ምስጋና አያመጡም። እኛም ከሦስት ዓመት በፊት ያመሰገንነው የማይገባውን ነበር።

በቅርቡ ኩታበር ሄደን ክፍሏን እንደገና አየናት። እንደ ዱሮዋ አታበራም። ግማሿ ሴራሚክ፣ ግማሿ ነጭ ኖራ ነው፤ በትንሿ መስኮትም ብርድ ይገባል። ወዳጃችን አስተያየታችንን ጠበቀ። እኛ ግን ካለፈው ተምረን ስለነበር ዝም ብለን ወደ እናቱ ዘወር አልን። እርሳቸውም እንደ ልማዳቸው የኖራውን ግድግዳ ከታች በኩል ዳሰስ አደረጉ፤ መዳፋቸውንም ገልብጠው አዩትና «ደረቅ ነው» አሉ።